ናፖሊ ላይ አንድ ቀን አለን፤ እማዬን የት ልውሰዳት?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። በመስከረም እናቴን ይዤ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የአንድ ሳምንት የመርከብ ጉዞ እሄዳለሁ። ከግሪክ፣ ከፒሬየስ ወደብ ተነስተን ረቡዕ ዕለት ናፖሊ እንደርሳለን። ወረቀቱ መርከቡ 7፡00 ገብቶ 18፡00 ይወጣል ይላል። በእሳተ ገሞራ የተቀበረችውን ጥንታዊቷን ከተማ ፖምፔን ካላየሁ አልመለስም ብዬ ነበር፤ መርከቡ የሚያዘጋጀው ጉብኝት ግን ለሁለት ሰው ሲሆን አቅሜን ይፈትናል። በራሳችን በባቡር ብንሄድስ? እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ረቡዕን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው፤ ይዘነው እንውረድ ወይስ እንተወው?
የእናቷ ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ይዘሽ መሄድሽ ደስ ብሎኛል። በመዝናኛ መርከብ ላይ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሦስቱን ዓመት ያሳለፍኩት መውረጃው በር ላይ ቆሜ የተሳፋሪ ካርድ ስፈትሽ ነው፤ ጠዋት ማን በምን ዓይነት ፊት እንደሚወርድ፣ ማታ ደግሞ እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ እናትሽን ይዘሽ ፖምፔ አትሂጂ።

ብቻሽን ብትሆኚ ኖሮ ሂጂ እልሽ ነበር፤ መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ከጋሪባልዲ አደባባይ ሥር በሚነሳው ቺርኩምቬሱቪያና በሚባለው ባቡር ወደ ሶሬንቶ አቅጣጫ 40 ደቂቃ ያህል ተጉዘሽ "ፖምፔይ ስካቪ" ላይ ትወርጃለሽ፤ መግቢያው እዚያው አጠገብ ነው። ነገር ግን ባቡሩ ይጨናነቃል፣ መቀመጫ ላታገኙ ትችላላችሁ፣ ኪስ አውላቂም አይጠፋም። ፍርስራሹ ውስጥ ደግሞ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። መንገዱ የጥንት ሮማውያን ያነጠፉት ትልልቅ ድንጋይ ነው፤ የጋሪ ጎማ ቦይ አውጥቶበታል፣ መሻገሪያው ከፍ ከፍ ያለ ድንጋይ ነው። የታመመ ጉልበት፣ የመስከረም ፀሐይ፣ ውኃ ያልቀመሰ ጉሮሮ፤ ሦስቱን አንድ ላይ በእናትሽ ላይ አትጫኚባቸው። አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሄዱበት የተስተካከለ መንገድ በአምፊቲያትሩ በኩል አለ፤ እሱም ቢሆን ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ካፕሪ ደሴት ሂዱ የሚልሽ ሰውም አይጠፋም፤ ጀልባዎቹ መርከባችሁ ከሚቆምበት ጎን፣ ከሞሎ ቤቬሬሎ ነውና የሚነሱት። ባሕሩ ከተናወጠ ግን ጀልባ ይቋረጣል፤ እናንተ ደሴት ላይ ሆናችሁ መርከባችሁ ሲሄድ ታያላችሁ።

የናፖሊን ጥሩነት የምታውቂው ከሌሎቹ ወደቦች ጋር ስታስተያዪው ነው። ሮምን ለማየት ቺቪታቬኪያ ላይ የሚወርድ ተሳፋሪ ገና 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ናፖሊ ላይ ግን መርከቡ የሚቆመው መሃል ከተማው ደጃፍ ላይ ነው። ከተርሚናሉ ስትወጡ ከፊት ለፊታችሁ አምስት ግንብ ያለው ካስቴል ኑኦቮ ቆሞ ታያላችሁ፤ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1279 ነው። ሙኒቺፒዮ የሚባለው የሜትሮ ጣቢያም እዚያው ነው፤ ሲቆፈር የሮማውያን ዘመን መርከቦች የተገኙበት ቦታ ነው። እናትሽ ደከመኝ ካሉ ወደ መርከቡ መመለስ የደቂቃዎች ነገር ነው። ከአረጋዊ ጋር ለወጣ ሰው ይህን የሚያህል ሀብት የለም።

ፖምፔን ደግሞ ሙዚየም ውስጥ ታገኚዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ የቀበራት ከተማ ግድግዳዋና መንገዷ እዚያው ቀረ እንጂ፣ ሥዕሏ፣ የወለል ሞዛይኳና የቤት ዕቃዋ በብዛት የሚገኘው ናፖሊ በሚገኘው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው። ከሙኒቺፒዮ በሜትሮ መስመር 1 ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ትወርዳላችሁ፤ ስሙም ሙዜዮ ነው። ሙዚየሙ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ረቡዕ መሆናችሁ ጠቀማችሁ። ከሥራ ነፃ በሆንኩባት አራት ሰዓት ገብቼ ረጅም ጊዜ የቆምኩት ከሐውልቶቹ ፊት አልነበረም። ከሰል የሆነ ዳቦ አለ። ክብ ነው፤ ሳይጋገር በፊት እንዲቆራረስ ስምንት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ቀን ጠዋት አንዲት ሴት ወይም አንድ ጋጋሪ ለሰው ላበላ ብሎ ያዘጋጀው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲጋግሩ የኖሩ እናት ያ ዳቦ ፊት ሲቆሙ የሚያዩትን፣ አስጎብኚ ፖምፔ ድረስ ወስዶ አያሳያቸውም።

ከሙዚየሙ በፊት ግን ቤተ ክርስቲያን ውሰጃቸው። በዚያው የሜትሮ መስመር ላይ ካለው ከዳንቴ ጣቢያ ጥቂት ሄድ ሲሉ ጄዙ ኑኦቮ የሚባል አለ፤ የፊቱ ግድግዳ በሙሉ ሾጠጥ ሾጠጥ ባለ ድንጋይ የተሠራ ነው። መግቢያው በነፃ ነው። ውስጡ ድሆችን ያለ ክፍያ ያክም የነበረው ሐኪም ጁዜፔ ሞስካቲ አርፏል። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1927 ሞቶ በ1987 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ተብሏል። የነሐስ ሐውልቱ እጅ ሰው እየነካው አንጸባርቋል። ወደ ጎን ያለው ክፍል ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ በብር በተሠራ የስለት ስጦታ ተሸፍኗል። እ.ኤ.አ. በ1943 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሪያውን በስቶ ገብቶ ሳይፈነዳ የቀረው ቦምብም ተሰቅሎ ይታያል። ሥርዓታቸው ከእኛ ቢለይም፣ ስለት ምን እንደሆነ ለእናትሽ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ነጠላቸውን ይልበሱ፤ ለጣሊያን ቤተ ክርስቲያንም ተገቢ ልብስ ነው። ጠዋት መሄዳችሁን አትርሺ፤ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት እኩለ ቀን ላይ ዘግተው ከሰዓት በኋላ ነው የሚከፍቱት።

መራመድ ካስቸገራቸው በታክሲ ሂዱ። ሕጋዊው ታክሲ ነጭ ነው፤ ሳትሳፈሩ "ታሪፋ ፕሬዴተርሚናታ" በይው። የተወሰነው የከተማው ታሪፍ ማለት ነው፤ አስቀድመሽ ካልጠየቅሽ በቆጣሪው ይሄዳል።

ስለ ጾሙ አትጨነቂ። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለበትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። የናፖሊ ሰዎች አይብ ያለበትን ፒዛ ማርጌሪታን ያህል ያከብሩታል። አንዳንድ ቤት ሌላ ነገር እንዳይጨምርበት "ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ፔሼ" ማለትም ያለ አይብ፣ ያለ ዓሣ በይ። ብዙ ምግብ ቤቶች በእኛ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ምሳ ስለሚዘጉ ትንሽ ቀደም ብለሽ እዘዢ፤ በአራት አጥፈው በወረቀት ይሰጡሻል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይበሉ። ቡናውንም አስቀምሻቸው። ከሲኒው ታች ቀርታ የምትመጣ ወፍራም ቡና ናት፤ ከውኃ ጋር ይሰጡሻል። ቆሞ ለሚጠጣ ዋጋው ይቀንሳል፤ ለእናትሽ ጉልበት ግን የወንበሩን ክፈይ።

አሁን ወደ ሰዓት ልምጣ፤ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ወረቀቱ ላይ 18፡00 ያለው በእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ ተሳፋሪ ግቡ የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው። ትክክለኛውን ሰዓት ማታ ካቢናችሁ ከሚገባው የቀን ፕሮግራም ላይ አንብቢ። የግሪክ ሰዓት ከጣሊያን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ስልክሽ መሬት ስትረግጪ ራሱን ይቀይራል፤ መርከቡ ግን የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓት አድርጊ፤ ስትወርጂ በር ላይ ካለው ሰዓት ጋር አስተያዪው።

ይህን የምለው ስላየሁ ነው። ሌላ ወደብ ላይ ባልና ሚስት ዘገዩ። የጥበቃ ባልደረባችን ካቢናቸው ገብቶ ካዝናውን ከፈተ፣ ፓስፖርታቸውን በፖስታ አድርጎ ለወደቡ ወኪል ሰጠ፤ ድልድዩ ተነሳ። በመርከቡና በወደቡ መሃል ያለው ውኃ ሁለት ሜትር ያህል ሲሰፋ ከጫፉ ብቅ አሉ። ሴትዮዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሮጥ ነበር። ስልካቸውን አምነው ነው፤ በስልካቸው ገና አንድ ሰዓት ነበራቸው። መርከቡ ራሱ የሸጠው ጉብኝት ከዘገየ ይጠብቃል፤ በራሱ የወጣን ሰው ግን አይጠብቅም። የወኪሉ ስልክ ቁጥር የቀን ፕሮግራሙ ላይ ስላለ ፎቶ አንሺው። እናንተ ግን በእኛ አሥር ሰዓት ላይ መርከቡ አጠገብ ሁኑ።

ፓስፖርቱን መርከቡ ካልያዘባችሁ ካዝና ውስጥ ቆልፋችሁ፣ ፎቶ ኮፒውንና የመርከቡን ካርድ ይዛችሁ ውረዱ። የእናትሽን መድኃኒት ግን ካቢን ውስጥ እንዳትተዪ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ቪዛው ነው። ከግሪክ ጣሊያን ስትሄዱ ሁለቱም ሸንገን በሚባለው፣ በአንድ ቪዛ በሚገባበት የአውሮፓ አገሮች ክልል ውስጥ ናቸው። መርከቡ በመሃል ቱርክ ጎራ የሚል ከሆነ ግን ከሸንገን ወጥታችሁ እንደገና እንደገባችሁ ይቆጠራል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃቸውም። የጉዞውን ዝርዝር አውጥተሽ ቪዛው ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ቁጥር ዛሬውኑ አመሳክሪ፤ መለወጥ ካለበት ጊዜ ይወስዳል።