ቀዳዳውን አትድፈኑት

ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ አሁን ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ይዛችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ "ይህ ሙያ ያዋጣል ወይ?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ሰባን አልፌአለሁ። ከዚያ ውስጥ ወደ አርባ የሚጠጋውን እዚህ እንግሊዝ አገር አሮጌ መኪና ሳድስ ኖሬአለሁ፤ ከሁሉም ልቤን የወሰዱት ያረጁ የፖሊስ መኪናዎች ናቸው። የአገሬ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቁብኛል። አይፈረድባቸውም። በቀይ ሽብር ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ሌሊት ሞተሩን ሳያጠፋ ደጃፍ ላይ የሚቆም መኪና ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ድምፅ ሸሽቶ ከአገር የወጣ ሰው የፖሊስ መኪና ሲወለውል መዋሉ ለራሴም ይገርመኛል። እመለስበታለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ የመኪና ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ የሚያቃና ባቲላሜራ ቤት ነው። የሞተሩን ክዳን ኮፈን፣ ግጭት የሚከላከለውን የፊትና የኋላ ብረት ፓራውልት፣ ደግሞም ባሌስትራ፣ ካንዴላ እያልን አደግን፤ ቃሎቹ ጣልያንኛ መሆናቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ለንደን የገባሁበት የመጀመሪያ ጋራዥ ውስጥ ብሎን መፍቻውን ፈልጌ "ካቻቢቴ!" ብዬ ስጣራ ሁሉም አፍጥጦ አየኝ። ጥግ ላይ የወንበር ልብስ የሚሰፋ አንድ ጣልያናዊ ሽማግሌ ብቻ እየሳቀ ተነሥቶ አቀበለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሻይ የሚያፈላልኝ እሱ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ጥቁር ወልዝሊ 6/80 ተሰጠኝ። ይህ መኪና ከ1948 እስከ 1954 የተሠራ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ። ስድስት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር ሞተር አለው፤ የለንደን ፖሊስ በብዛት ይነዳው ነበር። ያኔ የዛሬው ሳይረን የለም፤ ከፊት የታሰረ ደወል ነበር የሚያቃጭለው። ግንባሩ ላይ ያለችው የፋብሪካው አርማ ደግሞ የፊት ትንንሾቹ መብራቶች ሲበሩ አብራ ትበራለች፤ በጨለማም ቢሆን ማን እንደመጣ ከሩቅ ይታወቃል።

ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነበር። "ጣራውና ፊቱ ዝጎብኛል፣ አስተካክልልኝ" አለኝ። ስመለከት ጣራው ላይ አንድ ቀዳዳ፣ ከፊት ፓራውልቱ ጀርባ ሁለት ቀዳዳዎች አገኘሁ። እንደ ጎበዝ ባቲላሜራ ቀዳዳ አልወድም። ስቱኮ መለጠፍ ደግሞ ነውር ነው ብዬ በእርሳስ ልሞላቸው ተነሣሁ። ይህን ሥራ ያላያችሁ ካላችሁ፣ ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበትን ዘንግ በጋዝ ነበልባል ታለሰልሱታላችሁ፤ እንደ ቅቤ ሲሆን ሞራ በተቀባ የእንጨት መላጊያ እየገፋችሁ ታስተኙታላችሁ። ነበልባሉን ትንሽ ካቆያችሁት ቀልጦ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ ካራቃችሁት ይደርቅባችኋል። በሁለት ቀን ጨርሼ በሞረድ አለሰለስኩት። ቀለም ሲቀባ ጣራው ኩሬ መሰለ።

ሰውየው መጣ። አመሰገነኝ። ከዚያ አውራ ጣቱን ጣራው ላይ አድርጎ ዓይነ ስውር በጣቱ እንደሚያነብ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዳስስ ጀመር። ቆየ። "እዚህ ነበር" አለ፣ "የራዲዮው አንቴና።" የፊቶቹ ሁለት ቀዳዳዎችም የደወሉ ማሰሪያ ነበሩ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ገንዘቡን ከፍሎ ሄደ፤ ያን ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

ነገሩ የስሜት ብቻ አይደለም። ተራ ወልዝሊ ጥቁር ተቀብቶ፣ ደወል ተሰቅሎለት፣ ለፊልምና ለሠርግ የሚከራይ ሞልቷል። ደወል ይገዛል፤ ምልክት ይታተማል። በዚያን ጊዜ በዚያ ሰው እጅ የተበሳ ቀዳዳ ግን አይገዛም። የመኪናው መታወቂያ እሱ ነው። እኔ መታወቂያውን በገዛ እጄ ደፈንኩት።

ስለዚህ መኪና ሲገባላችሁ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት አንብቡት። ክሩስኮቱ፣ ማለት ዳሽቦርዱ ሥር እጃችሁን ስደዱ፤ ወዴትም የማይሄድ የተቆረጠ ሽቦ ካገኛችሁ አትንቀሉት። ምንጣፉን ግለጡ። ቀዳዳ ባያችሁ ቁጥር ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ።

ሞሪስ ማይነር የምትባል አንዲት ትንሽ መኪና ያስተማረችኝን ደግሞ ልንገራችሁ። በ1965 የላንካሻየር ፖሊስ ከርክቢ በምትባል ከተማ ትንንሽ ፎርድ አንግሊያዎችን ሰማያዊና ነጭ ቀብቶ በየሠፈሩ አሰማራ። ሰዉ "ፓንዳ" አላቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በእግሩ ይዞር የነበረው ፖሊስ የኪስ ራዲዮና ትንሽ መኪና ይዞ ሰፋ ያለ ሠፈር ይሸፍን። ለንደን ሞሪስ ማይነርን መረጠች፤ አካሉ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ በሮቹ ነጭ፣ ጣራው ላይ ፖሊስ የሚል ሳጥን። አገልግሎቱ ሲያበቃ በሮቹ ሰማያዊ ተቀብተው ለሕዝብ ይሸጣል።

አንዲት አሮጊት ለአርባ ዓመት ገበያ የሄዱባት ሰማያዊ ማይነር መጣችልኝ። የግራውን በር በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ ስፈገፍግ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ወረደ። ከዚያ ግራጫ። ከዚያ ወተት። እጄን አቆምኩ። ሴትዮዋን ስጠራቸው አላመኑም፤ "በፖሊስ መኪና ነው ለካ አትክልት ስጭን የኖርኩት!" ብለው በሳቅ ፈረሱ። በሮቹን ነጭ አደረግናቸው። ከበሩ መጋጠሚያ ውስጥ ግን የሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ ሳልቀባ ተውኩ፤ ሦስቱም ቀለም እንደ ዛፍ ቀለበት ተደርድሮ ይታያል። ከዚያ ወዲህ በእጄ ያለፈ መኪና ሁሉ እንዲህ ያለች መስኮት አለችው።

ትዝታ ግን ፍሬን አይይዝም። ማይነርን የምትነኩ ከሆነ የፊት እግሩን ከታች ይዞ ከመሪው ጋር የሚዞረውን፣ በጥርስ የተቆላለፈውን ብረት መጀመሪያ እዩ። ግራሶ ካጣ ጥርሱ ይበላል፤ አንድ ቀን ጎማው እንደ ሰከረ ሰው እግር ይታጠፋል። የፍሬን ማስተሩ ከሾፌሩ እግር ሥር፣ ከወለሉ በታች ተደብቋል፤ ስለማይታይ ማንም አያስታውሰውም። የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ከአካሉ ጋር የሚታሰረው፣ እንደ ዛሬው መኪና ገልብጣችሁ እንዳታስሩት። ሁለት ንጥረ ነገር ቀላቅሎ የሚረጨውን ዘመናዊ ቀለም ያለ ንጹሕ አየር ጭምብል አትንኩት፤ አስም ያመጣል፣ አንዴ የያዘው ደግሞ ወደ ሥራው አይመለስም። እርሳስንም በሞረድ እንጂ በግራይንደር አታቡኑት። ከእኔ ጋር የጀመሩ ሁለት ጓደኞቼ ዛሬ ደረጃ መውጣት አይችሉም።

ሕጉን ባጭሩ፤ በሰማያዊ መብራትና በሳይረን መንገድ ላይ መጫወት የለም። ጠንቃቃ ባለቤቶች ወደ ትርኢት ሲነዱ ፖሊስ የሚለውን ጽሑፍና መብራቱን በጨርቅ ይሸፍናሉ። ለፎቶ ብላችሁ እንዳትገልጡ።

አሁን ወደ ተውኩት ነገር ልመለስ። ባለፈው በጋ ሮቨር ኤስዲ ዋን የሚባል አንድ የፖሊስ መኪና አድሼ ከባለቤቱ ጋር ትርኢት ወሰድነው። ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 3.5 ሊትር፤ ነጭ ሆኖ በጎኑ ቀይ መስመር የተሳበበት። እንግሊዞች "ጃም ሳንድዊች" ይሉታል፤ በሁለት ነጭ ዳቦ መካከል ማርማላታ እንደ ማለት። የዚህ መኪና ወዳጆች አንድ ታሪክ አላቸው። ግንቦት 8 ቀን 1987፣ በፈረንጆቹ ሜይ መሆኑ ነው፣ ለንቅለ ተከላ የሚፈለግ ጉበት ስታንስተድ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። ኬንሲንግተን ወዳለው ክሮምዌል ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ 27 ማይል፣ ያውም በለንደን መካከል። የፖሊስ ኤስዲ ዋኖች በግማሽ ሰዓት ገደማ አደረሱት። መኪናው ውስጥ የተቀረጸው ቪዲዮ አለ፤ እጃችሁ ያልባል። ባለቤቱ ይህን ለመጣ ሁሉ ይተርካል፣ እኔም አልሰለቸኝም።

ከገመዱ ማዶ አንድ ጥቁር ሽማግሌ ቆመው ነበር። ጃማይካዊ ናቸው፣ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። አይቀርቡም፣ አይሄዱምም። ሄጄ ሻይ ጋበዝኳቸው። "ይህን አውቀዋለሁ" አሉኝ፤ የጉበቱን ታሪክ ማለታቸው አልነበረም። በ1981 ለንደን ውስጥ ብሪክስተን በሚባል ሠፈር ነበሩ። በዚያ ሚያዝያ ፖሊስ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ900 በላይ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ፈተሸ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቁር ነበር፤ ከዚያ ሠፈሩ ነደደ። ሰው በጥርጣሬ ብቻ እንዲያዝ የሚፈቅደው ሕግ፣ መሠረቱ የ1824 የነበረው፣ በዚያው ዓመት ተሻረ። "ወንድሜን ከኋላ ወንበር አስገቡት" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እኔ የማውቀው መኪና ሌላ ቢሆንም ሞተሩ እንዴት እንደሚሰማ አላጣሁትም።

ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው። ከኋላ የግራው በር የውስጥ ሽፋን ላይ ቁልቁል የወረዱ ጭረቶች አሉ፤ የእጅ ሰንሰለት ይሁን የዕቃ መጫን እግዜር ይወቀው። ለዚያ አዲስ ሽፋን አስመጥቶ፣ ከትርኢቱ ስንመለስ ልቀይርለት ተስማምተን ነበር። በመንገዳችን ላይ ሽማግሌው ያሉትን ነገርኩት። ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ነዳ፤ ከዚያ "እስቲ ይቆይ" አለኝ።

አዲሱ ሽፋን በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አለ። ስትመጡ አሳያችኋለሁ።