«ኪክባክ» ያው ጉቦ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዢ ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ኪክባክ፣ ኪክባክ» ሲል ዋለ። እኔ የኳስ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ጓደኛዬ ደግሞ ያው ጉቦ ነው ይለኛል። ልዩነት አለው? ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ኳስ ያልከው ብዙም አልራቀ። «ኪክ» መምታት ነው፣ «ባክ» ወደ ኋላ፤ የተከፈለ ብር ተመልሶ ሲመጣ ማለት ነው። ጓደኛህም ልክ ነው፣ ጉቦ ነው፤ ብሩ የሚወጣበት ኪስ ግን ይለያል። ተራ ጉቦ የሚሰጥ ሰው ጉዳዩ እንዲያልቅለት ከራሱ ያወጣል። በኪክባክ ነጋዴው ከራሱ ምንም አያጎድልም። ለምሳሌ (ዋጋው የኔ ፈጠራ ነው) 600 ብር የሚሸጠውን ወረቀት 750 ብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፣ 100ዋ ዞራ ግዢውን ያስኬደው ሰው ኪስ ትገባለች። ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) መጥቶ ሦስቱም በአንድ እጅ የተጻፉ ሲመስሉ… አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ቃሉ የአሜሪካ ነው። የሚገርመው፣ ያኔ ኪሱ የሚበረበረው የቀን ሠራተኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣ ሕግ በፌዴራል መንግሥት ግንባታ ላይ የሚሠራ ሰው በአካባቢው ከተለመደው ክፍያ በታች እንዳይከፈለው አዘዘ። ኮንትራክተሮቹ ምን አደረጉ? መዝገብ ላይ ሙሉውን ከፍለው፣ ሠራተኛው ቆርሶ እንዲመልስ ያስገድዱት ጀመር። እምቢ ካለ ሥራ የለም፤ ዘመኑ ደግሞ ሥራ አጥ ከተማውን የሞላበት ስለነበር ማን እምቢ ይላል? በ1934 በኒው ዮርኩ ሴናተር ሮያል ኮፕላንድ ስም የሚጠራው ሕግ ወጣና ድርጊቱን እስከ 5 ዓመት እስራት፣ እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። እስከ ዛሬ «ፀረ ኪክባክ ሕግ» ይሉታል።

እኛ ጋ «ኮሚሽን» እያሉ ማሳመሩ ነው የሚያናድደኝ። ሂርማታ አካባቢ ቤት የሚያገናኝህ ደላላ ኮሚሽን ቢቀበል አከራዩም ተከራዩም ያውቃሉ፣ እንጀራው ነው። አንተ ግን ደመወዝ የሚከፍልህ መሥሪያ ቤት ሳያውቅ ከአቅራቢው ብትቀበል፣ «የሻይ» በለው ሌላ፣ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስጠይቅሃል። የግድ ጥሬ ብር መሆንም የለበትም፤ ሞባይልም ሆነ የልጅህ የትምህርት ቤት ክፍያ ያው ነው።