ከሂዩስተን የመጣች ባለናይትሮ መኪና ዴንቨር ላይ ለምን ትታፈናለች?

ወንድሜ፣ ከሂዩስተን ሰው የገዛሃት ባለናይትሮ መኪና (በሪሞት የምትነዳ፣ ሜታኖልና ናይትሮ በተቀላቀለበት ነዳጅ የምትሠራ ትንሿ መኪና) እዚህ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ስትነሳ ጭሷ እንደ እርጥብ እንጨት እንደሚወፍር፣ ነዳጅ ስትጨምርላት አጉረምርማ እንደምትጠፋ፣ ጠዋት ደግሞ የማስነሻ ገመዷ ጭራሽ አልሳብ እንደሚል ጽፈሃል። ጎረቤትህም «የካርቡራተሩን (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለውን) ብሎኖች ሁሉ አጥብቃቸው» ብሎሃል። ሰውየው አቅጣጫውን አልሳተም። «ሁሉንም» ያለው ላይ ግን አትስማው፤ እንዲህ አድርጌ ሞተር የቀበርኩ ሰው ነኝ።

እንደምገምተው መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ የተለወጠባት አየሩ ነው። ሂዩስተን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፣ እኛ ደግሞ 1600 ሜትር ላይ ነን። እዚህ አየሩ በአንድ ሰባተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ነዳጁ ግን ቀድሞ በተስተካከለበት መጠን ይገባል። ስለዚህ ነዳጅ በዝቶባት ትታፈናለች። አዲስ አበባ ብትወስዳት ደግሞ ይብስባታል።

ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት ነዳጁን የምታቀጣጥለውን ካንዴላዋን ፍታ። (ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው እነዚህን የጣልያን ቃላት አይተውም፤ ታገሡኝ።) ከ1.5 ቮልት ማሞቂያዋ ጋር ስታገናኛት ሽቦዋ ደምቆ መቅላት አለበት፤ ከደበዘዘ ለውጣት። ካንዴላዋ በነዳጅ ከራሰች ሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ ተጠራቅሟል ማለት ነው። መኪናዋን ገልብጠህ፣ ካንዴላዋ እንደወጣች፣ ገመዱን ጥቂት ጊዜ ሳብ፤ ነዳጁ ስለሚረጭ ዓይንህን ጠብቅ። በነዳጅ የተሞላ ሞተርን በጉልበት ከሳብከው ቢየላው (ፒስተኑን ይዞ የሚገፋው ዘንግ) ይጣመማል።

የጠዋቱ ነገር ግን በሽታ ላይሆን ይችላል። በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ፒስተን ላይ ፋሻ (ዙሪያውን የሚይዝ የብረት ቀለበት) የለም። ሲሊንደሩ ወደ ላይ በጥቂቱ እየጠበበ ስለሚሄድ ሲቀዘቅዝ ፒስተኑን ጨምድዶ ይይዘዋል። የጸጉር ማድረቂያ ለጥቂት ደቂቃ ያዝበት፣ ከዚያ ሳብ። ባለቤቴ ማድረቂያዋን ከጋራዥ ስታገኘው የምትለኝን እዚህ አልጽፍም።

አሁን ወደ ብሎኖቹ። የነዳጅ ብሎን ሲዘጋ ነዳጁ ያንሳል፣ ሲከፈት ይበዛል። ነዳጁ በሚገባበት በኩል ያለው የከፍተኛ ፍጥነት ብሎን ነው፤ ከእሱ አንጻር ባለው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ የዝቅተኛው አለ፤ ሦስተኛው ሚኒሞውን (ቆማ ስትሠራ ያላትን ዝቅተኛ ዙር) ይይዛል። መጀመሪያ የከፍተኛውን በቀስታ እስኪነካ ድረስ ዝጋና ስንት ዙር እንደሄደ ቆጥረህ ጻፍ፤ ከዚያ ወደነበረበት መልሰው። ጠፍተህ የምትመለስበት መንገድ ይህ ቁጥር ብቻ ነው። ሞተሩን አስነስተህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ንዳት። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ውሸት ነው።

ከሞቀች በኋላ የከፍተኛውን ብቻ በሰዓት መልክ አንድ ሰዓት ያህል፣ ማለትም የዙሩን አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ዝጋ። ረጅም ቀጥ ያለ ቦታ ላይ በሙሉ ፍጥነት ልቀቃትና ጭሱን ተመልከት። የምትፈልገው ከኋላዋ የሚከተል ቀጭን ክር ነው። ከካንዴላዋ ሥር ሙቀቱን ለካ፤ እኔ ከ105 እስከ 125 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን እተዋታለሁ። ጭሱ ከጠፋ፣ ወይም ጥሩ ጀምራ መጨረሻው ላይ ጉልበቷ ከላላ፣ ወዲያው አቁመህ ብሎኑን ክፈት።

የዝቅተኛው ከዚህ በኋላ ይመጣል። በሚኒሞ ላይ እያለች ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን የነዳጅ ቱቦ በጣትህ ጨምቀው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይታ፣ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ ከጠፋች ልክ ነው። ወዲያው ከጠፋች ነዳጅ አንሷታል፤ ብዙ ቆይታ ከጮኸች በዝቶባታል።

የዳላሱን ልንገርህ። እዚህ ፉጨት የመሰለ ድምፅ እስኪኖራት ያስተካከልኳትን መኪና ለበጋ እረፍት ዘመድ ጋር ይዤ ወረድኩ። ዳላስ ከባሕር ጠለል 130 ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ አየሩ ወፍራም ነው። ብሎኗን ሳልከፍት ልጆቹ ፊት ለቀቅኳት። ለአንድ ደቂቃ እንደዚያ በርራ አታውቅም። ከዚያ ጮኸች፣ ቆመች፣ ገመዱም በዚያው ላላ። የእነዚህ ሞተሮች ዘይት ያለው ነዳጁ ውስጥ ነው፤ ነዳጅ ሲያንስ ሙቀት ብቻ አይጨምርም፣ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል። ፒስተኑ ተፋቅፎ አገኘሁት። ስለዚህ አንተም ሂዩስተን ከወሰድካት አንድ ሩብ ዙር ከፍተህ ጀምር።

ስትጨርስ ነዳጅ ውስጧ አታሳድር። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ኩሽኔቶቹን (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ቀለበቶች) ዝገት ይበላቸዋል። ታንኩን አድርቀህ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ የማሳደሪያ ዘይት ጨምረህ፣ ገመዱን ጥቂት ሳብና ፒስተኑን ወደ ታች አድርገህ ተዋት። የአየር ፊልትሮዋን ደግሞ ሳትዘይት አትንዳት፤ የዚህ አገር አቧራ ደቃቅ ነው። ሜታኖል በቀን ብርሃን ሲነድ እሳቱ እምብዛም ስለማይታይ ትኩስ ሞተር ላይ ነዳጅ አትቅዳ።

የቆጠርከውን ዙር እዚህ ጻፍልን፤ ከዚያ ብሎኑን በሰዓት መልክ ስንት ሰዓት ያህል መዝጋት እንዳለብህ አብረን እናያለን።