ከበሩ ጀርባ ምን አለ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የአድቬንቸር ጌም ኮንቬንሽን ላይ ተጋብዤ ነበር። «አንጋፋው» ብለው አስተዋወቁኝ። ማይክ አስይዘው ስለ ድሮው አስወሩኝ። ሰውም ሳቀልኝ። ልንጨርስ ስንል አንዲት ልጅ ከኋላ ተነሳች።

«እርስዎ በሠሩት ጌም ላይ ሰው መውጫ ሲያጣ ቁጭ ብለው አይተው ያውቃሉ?»

ጌም ሠሪው ሮን ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፈውን ጽሑፍ አነሳሁላት። ተጫዋች ሳያውቀው መንገዱ ሊዘጋበት አይገባም፣ ምናምን አልኩ። ተጨበጨበልኝ። የጠየቀችኝን ግን አልመለስኩላትም።

የመጀመሪያ ጌሜን ስሠራ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ጌሙ ሥዕል የለውም። «ፋኖሱን አንሳ»፣ «ወደ ሰሜን ሂድ» እያላችሁ የምትጽፉበት ዓይነት ነው። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ጠርሙስ ዘይት ታገኛላችሁ። የዛገ ሣጥን ላይ ብታፈሱት ሣጥኑ ይከፈታል። ውስጡም የሚረባ ነገር አለ። ዘይቱ ግን ለፋኖሱ ነበር። ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ፣ መጨረሻው በር ጋ ስትደርሱ ፋኖሱ ይጠፋል። በቃ። ጌሙ አንድ ቃል አይነግራችሁም። በጨለማ መደናበር ብቻ ነው። ያኔ ይህን ሳስብ በራሴ ጥበብ እደነቅ ነበር!

ጌም የሚሞክርልን አንድ ዝምተኛ ባልደረባ ነበረን። ስለዚህ ዘይት ሦስት ጊዜ ሪፖርት ጻፈ። ሦስቱንም «ባግ (የፕሮግራም ስህተት) አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው» ብዬ መለስኩለት። በመጨረሻ ራሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስጫወት እየኝ» አለኝ። ቀና እንኳ አላልኩም። ሥራ አለብኝ አልኩት። ሄደ። ደግሞም አልጠየቀኝም።

ጌሙ ከወጣ ከወራት በኋላ አንድ ወፍራም ፖስታ ደረሰኝ። አባትና ልጅ ናቸው። ካሬ ካሬ በሆነ ወረቀት ላይ የጌሙን ካርታ ሠርተው ልከውልኛል። ክፍሎቹን ልጅቷ በቀለም ቀብታቸዋለች። ጫፍ ላይ አንድ ባዶ ካሬ አለ፤ መሐሉ ላይ የጥያቄ ምልክት። አባትየው «ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ ብቻ ይንገሩን» ይላል። ዘይቱን ሣጥኑ ላይ አፍስሰውታል ማለት ነው። ነገ እመልሳለሁ አልኩ። አልመለስኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ እንዳልዋሻችሁ፣ አፍሬ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ የጌም ዓይነት የተጀመረው በአባትና በልጆች ነው። ዊል ክራውዘር ዋሻ ማሰስ የሚወድ ፕሮግራመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከሚስቱ ከተፋታ በኋላ፣ ሴት ልጆቹ እንዲጫወቱበት ብሎ ኬንታኪ ያለውን ዋሻ በኮድ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዶን ዉድስ የሚባል ሌላ ፕሮግራመር አሰፋው። በዚያ ጌም የመብራቱ ባትሪ ያልቃል። እኔም የፋኖሴን ሐሳብ የቀዳሁት ከዚያ ነው። እዚያ ግን አዲስ ባትሪ የሚሸጥ ማሽን ዋሻው ውስጥ አለ። እኔ የቀዳሁት ጨለማውን ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ያኔ የሰው መጨነቅ ገበያም ነበረው። ኢንፎኮም የሚባለው የጌም ኩባንያ መልሱ በማይታይ ቀለም የታተመበት መጽሐፍ ይሸጥ ነበር። በልዩ ማርከር ስትቀቡት መልሱ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ለእናንተ ለወጣቶቹ መልስ በአንድ ክሊክ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር፣ አሁን አሁን አስር ደቂቃ የሚታገሥ ወጣት አላይም። 

እንዲህ እያልኩ ደግሞ ኮንቬንሽኑ ላይ የጠየቀችኝ ልጅ ጌሟን ወደምታሳይበት ጠረጴዛ ሄድኩ። አስቀመጠችኝ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ተቸነከርኩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ! አንዴ እንኳ «እዚያ ጋ ይጫኑ» አላለችኝም። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ሳይሆን እጄ ላይ ነበር፣ ዝም ብላ ማስታወሻዋ ላይ ትጽፋለች። የኔ ባልደረባ የለመነኝ ይህንን ነበር።

ጌም የምትሠሩ ልጆች፣ የሁሉንም ሰው አስተያየት ስሙ አልልም። ግማሹ ጌማችሁን ሌላ ጌም ሊያደርግባችሁ ነው የሚፈልገው። አፋቸውን ተዉት፣ እጃቸውን እዩ። ኮድ በደንብ ጻፉ፣ ባክአፕ ያዙ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

ካርታው አሁንም አለኝ። ከኮንቬንሽኑ የተመለስኩ ለት አውጥቼ ዘረጋሁት። ካርታውን የቀባችው ልጅ ዛሬ አርባ ዓመት አልፏታል። አድራሻው ላይ ማን እንደሚኖር እንጃ።

ከበሩ ጀርባ የነበረው ባዶ ክፍል ነው። ጊዜ አጥሮን ሳልጨርሰው ነው ጌሙ የወጣው።