የጃፓን የእንጨት ኅትመትና የአውሮፓ ሠዓሊዎች፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ «ታላቁ ማዕበል» የተባለውን ዝነኛ ኅትመት ራሱ ቀርጾ ነው ያተመው?

መልስ፦ አይደለም። የእሱ ድርሻ በስስ ወረቀት ላይ መንደፍ ነበር። ቀራጩ ንድፉን በፊቱ ደፍቶ የቼሪ ጣውላ ላይ ይለጥፍና ከነወረቀቱ ይቀርጸዋል፤ ዋናው ንድፍ እዚያው ይጠፋል። ከዚያ ተራው የአታሚው ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ደግሞ አሳታሚው።

ጥያቄ፦ ያን ሁሉ ቀለም ሳያዛንፉ እንዴት ያሳርፉታል?

መልስ፦ ለየቀለሙ በሚቀረጸው በየጣውላው ላይ ኬንቶ የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ይቀረጻሉ፤ አንዱ ጥግ ላይ የማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ ሌላው ጠርዙ ላይ ቀጥ ያለ። ወረቀቱ እነሱን ተደግፎ ይወርዳል። ቢዛነፍ ግን ኬንቶውን ከመውቀስዎ በፊት እርጥበቱን ይዩ። ወረቀት ሲረጥብ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በመሃል ከደረቀ የመጨረሻው ቀለም ከመስመሩ መውጣቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ እኔ ስሞክር ቀለሙ ሰሊጥ የተበተነበት ይመስላል። አንዳንዴ ደግሞ ከመስመሩ ያልፋል።

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሰሊጥ የሚመስለው ወረቀቱ ሲደርቅ፣ የሩዝ ሙጫው ሲያንስ ወይም በባረን (ከጀርባ ማሻው ክብ መሣሪያ) በደንብ ሳይጫኑት ሲቀሩ ነው። ማለፉ ደግሞ ውሃ ሲበዛ፣ ወይም ወረቀቱ በእንስሳ ሙጫና በአሉም ጨው ውሃ ሳይቀባ ሲቀር ነው። ከማታው እርጥብና ደረቅ ሉህ እያፈራረቁ ይደርድሩ፣ በላስቲክ ጠቅልለው ያሳድሩት። ጠዋት ሲነኩት ሊቀዘቅዝዎት ይገባል እንጂ ውሃ ሊታይበት አይገባም።

ጥያቄ፦ የ«ታላቁ ማዕበል» ሰማያዊ የጃፓን ቀለም ነው?

መልስ፦ የበርሊን ነው! በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚያ የተገኘ፣ የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባለው። ከእሱ በፊት ጃፓኖች ከአበባ የሚያወጡት ሰማያዊ በውሃና በብርሃን ቶሎ ይጠፋ ነበር። ሆኩሳይ በ1830ዎቹ መጀመሪያ «ሠላሳ ስድስት የፉጂ ዕይታዎች»ን ሲያወጣ የሥዕሎቹን ጠርዝ መስመር ሳይቀር በሰማያዊ አሳተመ። ተከታታዩ ተወዶ 10 ሲጨመርበት (በጠቅላላው 46 ነው፣ ስሙ አያታልልዎ) የአዲሶቹ መስመር ጥቁር ሆነ። እናም ፓሪስ በኋላ የተደነቀችበት «የጃፓን ሰማያዊ» ከጎረቤቷ የወጣ ነበር።

ጥያቄ፦ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎህ ከጃፓኖች ገልብጧል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ በግልጽ። በ1887 ፓሪስ ውስጥ የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሂሮሺጌን ሁለት ኅትመቶች፣ የካሜይዶውን (በዛሬዋ ቶኪዮ ያለ ሠፈር) የፕለም ዛፍና ድልድይ ላይ የወረደውን ድንገተኛ ዝናብ፣ በዘይት ቀለም ሠራ። የፕለሙን ዛፍ በአራት ማዕዘን መረብ ከፋፍሎ ነው ያሳደገው። ዳር ዳሩን የሞላው የጃፓን ጽሑፍ ከሌሎች ኅትመቶች የተለቀመ ጌጥ ነው፤ ከሥዕሉ ጋር አይገናኝም። ቀለሙን ግን ከሂሮሺጌ ይልቅ አጋግሎታል፤ በእኔ ዓይን የራሱ ድርሻ እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመናዊው ሠዓሊ ዱረርም እኮ በእንጨት አትሟል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የዱረር (1498፣ «የዮሐንስ ራእይ») በዘይት ቀለም፣ በማተሚያ መጫኛ የታተመ ነው። የጃፓኑ ውሃ በገባበት ቀለምና በእጅ። የሰማዩን ከደማቅ ወደ ፈዛዛ መሄድ (ቦካሺ) የፈቀደው ይኸው ውሃ ነው፦ ጣውላው በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል፣ ብሩሹ በአንድ ጎኑ ብቻ ቀለም ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ሉህ እንደገና።