«ደፍ» ወይስ «ገደብ»?

ጥያቄ፦ ስለ መጀመሪያዎቹ ምስል ለዪ ማሽኖች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የሰው ሠራሽ ኒውሮኑን «ስሬሾልድ» «ገደብ» ብዬ ተረጎምኩት። መምህሬ «ደፍ በለው» አሉኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ መምህርህ ልክ ናቸው። ይህች «ገደብ» የምትባል ቃል ያልገባችበት የለም፤ ካንገበገበችኝ ቆየች።

ከማሽኑ እንነሳ። ማካሎክና ፒትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1943 ባቀረቡት ሰው ሠራሽ ኒውሮን (የአንጎልን ሴል በሚመስለው የሒሳብ ሞዴል) የሚገቡት ምልክቶች ይደመራሉ። ድምሩ የተወሰነለት ቁጥር ላይ ከደረሰ ወይም ካለፈ ኒውሮኑ 1 ይላል፤ ካልደረሰ 0። «ስሬሾልድ» የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። ሁለት ገቢ አለው እንበል። ቁጥሩ 2 ከሆነ ሁለቱም ካልመጡ ንቅንቅ አይልም፤ ሥራው የ«እና» ሥራ ነው። ቁጥሩን ወደ 1 ዝቅ ስታደርገው «ወይም» ይሆናል። አንዲት ቁጥር መስተጻምር ስትቀይር ማየት ለሰዋስው ሰው ድግስ ነው!

አሁን ገቢዎቹን 3፣ ቁጥሩን 2 አድርግ። ሦስቱም ቢመጡ ኒውሮኑ 1 ይላል። «ገደቡ 2 ነው» ያልከው አንባቢ ግን ሦስተኛው ሲመጣ ነገሩ የሚቆም ይመስለዋል። አይፈረድበትም። «ገደበ» ወንዝ አገደ ነው፤ «ግድብ»ም ከዚያው ይወጣል። ደፍ የበር ነው፤ ተሻግረውት ይገባሉ።

«ገደብም እኮ ይታለፋል» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ይታለፋል። የፍጥነት ገደብ ያለፈ ሹፌር ግን ይቀጣል፤ የእኛ ኒውሮን ሥራው ማለፉ ነው።

«መድረክ»ስ? በግዕዝ ደፍ ማለት ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ላይ መሠረቱ የሚናወጠው መድረክ የዘፋኝ መድረክ አይደለም። በማስረጃ ከሄድን ቦታው ለእሱ ይገባ ነበር። እኔ ግን ዛሬ መድረክ ሲባል የሚታየኝ ማይክራፎን ነው፤ አልወደውም፣ በቃ። «የድህነት ወለል» ያሉት የኢኮኖሚ ሰዎች ይሻላሉ።

በ«ክብደት»፣ ማለትም እያንዳንዱ ገቢ ምን ያህል እንደሚቆጠር በሚወስነው ቁጥር ስም፣ ግን ማንም አልተጣላም። ማርክ 1 ፐርሴፕትሮን የተባለው የፍራንክ ሮዘንብላት ምስል ለዪ ማሽን 20 በ20 የተደረደሩ 400 የብርሃን ሴሎች ነበሩት። ሲማር ክብደቶቹን የሚያስተካክሉለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ነበሩ። እዚህ ጋ «ክብደት» ስትል ሁሉም ይገባዋል።

እንግዲህ ሳልወድ ልመን፦ «ገደብ» ሥር ሰድዷል፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ «ስሬሾልድ» ይባላል፣ ያልፋል። አንተ መጀመሪያ ላይ «ደፍ፣ ብዙዎች ገደብ የሚሉት» ብለህ አንዴ ጻፍ። ከዚያ በኋላ «ደፍ» ብቻ እያልክ ቀጥል።