ጥርስ ሐኪም ቤት የሚሰጥ ቦቶክስ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጥርሴን የማሳክምበት ክሊኒክ «የግንባር መስመር እናለሰልሳለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። ባለፈው ጥርሴ ሲሞላ ሐኪሟ «ከፈለግሽ ዛሬውኑ እወጋሻለሁ» አለችኝ። ይህ ይፈቀድላታል? ቢፈቀድላትስ እሷ ጋ ይሻለኛል ወይስ የቆዳ ሐኪም ልፈልግ? (ከለንደን)

መልስ፦ ይፈቀድላታል። እንግሊዝ ውስጥ ቦቶክስ፣ ማለትም ጡንቻን ለጥቂት ወራት የሚያዳክመው መርፌ፣ ያለ ማዘዣ የማይሰጥ መድኃኒት ነው፤ የጥርስ ሐኪም ደግሞ ማዘዝ ይችላል። ግዴታም አለባት። ማዘዣውን ከመጻፏ በፊት ታካሚዋን በአካል ማየት አለባት፤ በስልክ ወይም በቪዲዮ አይሆንም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ለውበት ብሎ መውጋት በእንግሊዝ ወንጀል ነው። የሚገርመው፣ ማዘዣው ከተገኘ በኋላ መርፌውን የሕክምና ሙያ የሌለው ሰውም ሲወጋ ኖሯል፤ መንግሥት ለዚህ ሥራ የፈቃድ ሥርዓት የማቋቋም ሥልጣን ያገኘው በ2022ቱ የጤናና እንክብካቤ ሕግ ነው። ምርጫዎ በውበት ሳሎንና በጥርስ ሐኪም መካከል ከሆነ፣ ስሟ በመዝገብ ያለና ስታጠፋ የምትጠየቀዋ ሐኪም ትሻላለች።

ከቆዳ ሐኪም ጋር ስትነጻጸር ግን መልሱ በቦታው ይወሰናል። ከአፍንጫ በታች ያለው ፊት የጥርስ ሐኪም የዕለት ተዕለት የሥራ ቦታ ነው። ማደንዘዣ የምትወጋው እዚያ ነው፤ የመንጋጋውን ጡንቻና ነርቭ ታውቀዋለች። ግንባር ሌላ አገር ነው። ቅንድብን ወደ ላይ የሚያነሣው ጡንቻ የግንባሩ ብቻ ነው፤ ወደ ታች የሚጎትቱት ግን ብዙ ናቸው። የዐይን ቆባቸው የከበደ ሰዎች ሳይታወቃቸው ቀኑን ሙሉ ቅንድባቸውን በግንባራቸው ደግፈው ይውላሉ። እንዲህ ያለውን ግንባር ያደነዘዘ ሰው መስመሩን ያጠፋና ቅንድቡን ዐይን ላይ ያወርደዋል። ስለዚህ ሐኪሟ ከመውጋቷ በፊት ዐይንዎን አስጨፍና፣ ግንባርዎን አዝናንተው እንዲገልጡ ካላደረገች ሥልጠናዋ የአንድ ቅዳሜ ነው ብለው ይጠርጥሩ።

መጠኑንም ይጠይቁ። በቦቶክስ መመሪያ ላይ ለቅንድብ መሃል 20 ዩኒት በ5 ነጥብ ነው፤ ለግንባር ሲሠራ ሌላ 20 ይጨመርበታል፤ ለዐይን ጥግ በእያንዳንዱ ጎን 12። ዲስፖርት የተባለው ሌላው ተመሳሳይ መርፌ ለቅንድብ መሃል 50 ዩኒት ነው። ይህ ማለት ግን ዲስፖርት ይበዛል ማለት አይደለም፤ የአንዱ ዩኒት በሌላው አይመነዘርም። «ስንት ዩኒት፣ የየትኛው?» ለሚለው ጥያቄ «ትንሽ ነው፣ አይዞሽ» መልስ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንንቀፍ። አፍዎ ደንዝዞ፣ ወንበር ላይ ተንጋለው ሳሉ የቀረበ የውበት ግብዣ ፈቃድ ሊባል አይገባም። ወደ ቤትዎ ይሂዱ፣ አስበውበት በሌላ ቀጠሮ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሌሊት ጥርስህን ታፋጫለህ ትለኛለች። ጠዋት መንጋጋዬ ዝሎ ነው የምነሣው፤ ሁለት ጥርሶቼም ጫፋቸው ተሸርፏል። የጥርስ ሐኪሜ መንጋጋዬ ላይ ቦቶክስ ሊወጋኝ ይፈልጋል። ማፋጨቱን ያስተወኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አያስተውዎትም። የማፋጨቱ ትእዛዝ የሚመጣው ከአንጎል ነው፤ መርፌው የሚያዳክመው ትእዛዙን የሚቀበለውን ጡንቻ ነው። መድኃኒቱ ነርቭ አሴቲልኮሊን የተባለውን ኬሚካል ወደ ጡንቻው እንዳይለቅ ያግዳል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ ሲሆነው ጡንቻው ኃይሉን መልሶ ማግኘት ይጀምራል። እስከዚያው ጥርስዎ ይፋጫል፣ ግን በቀነሰ ጉልበት።

ስለዚህ ተራው እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ በራስዎ ጥርስ ልክ የተሠራ ጠንካራ የሌሊት መከላከያ፤ የተሸረፈውን ጥርስ የሚያድነው እሱ ነው። ቀጥሎ ምክንያቱን መፈለግ። የሚያንኮራፉና ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላ ሕክምና አለው። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም ጥርስ ያስፋጫሉ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ጡንቻ ለሰዓታት እያሠሩት፣ በላዩም አነቃቂ እየጨመሩበት ነው፤ እሱን ሳይቀንሱ መርፌ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ ከጸና መርፌው ቦታ አለው። እኛም የጥርስ ሐኪም ቢወጋው የምንደግፈው መርፌ ይሄ ነው። የመድኃኒቱ አምራች ለዚህ ጥቅም ያላስመዘገበው፣ በሐኪም ውሳኔ የሚሰጥ መሆኑን ግን ሊነገርዎት ይገባል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጥርስዎን ነክሰው ጡንቻው ሲያብጥ ሐኪሙ ጠርዙን በጣቱ ዳስሶ በእርሳስ ያሰምራል። ከጆሮ በር እስከ ከንፈር ጥግ የሚሄድ መስመር ይስላል፤ መርፌው ሁሉ ከዚያ መስመር በታች፣ ከጡንቻው የፊትና የኋላ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። በቦቶክስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎን ከ20 እስከ 30 ዩኒት፣ ከ3 እስከ 5 ነጥብ ተከፋፍሎ፣ በጥልቀት ይሰጣል። የመንከስ ጉልበቱ በ2 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል፤ የመንጋጋው መቅጠን ለዐይን የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው።

የሚበላሸውም በቦታና በጥልቀት ነው። ወደ ፊት ተጠግቶ ወይም ከቆዳ ሥር ብቻ ከተወጋ የከንፈርን ጥግ የሚስበውን ቀጭን ጡንቻ ያገኘውና ፈገግታዎ ይጣመማል። የጡንቻው አንዱ ክፍል ተኝቶ ሌላው ሳይነካ ከቀረ፣ ያልተነካው ሥራውን ብቻውን ይይዝና ሲያኝኩ ጉንጭዎ ላይ እብጠት ይወጣል፤ ይህኛው በጥቂት ተጨማሪ ዩኒት ይስተካከላል። ጥሬ ሥጋና ቆሎ ለጥቂት ሳምንታት ያደክምዎታል። ማኘኩ የቀነሰበት መንጋጋ አጥንቱ እንደሚሳሳ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል፤ ስለዚህ በየ3 ወሩ ለዓመታት መደጋገሙን አንመክርም።

ጥያቄ፦ ስስቅ ድዴ በጣም ይታያል። ቦቶክስ ያስተካክለዋል ይባላል፤ እውነት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ምክንያቱ ከንፈር ከሆነ ብቻ። ድድ የሚታየው የላይኛውን ከንፈር የሚስቡት ጡንቻዎች ስለሚበረቱ፣ የላይኛው መንጋጋ አጥንት ስለረዘመ ወይም ድዱ ጥርሱን ሸፍኖ ጥርሱ አጭር ስለመሰለ ሊሆን ይችላል። መርፌ የሚረዳው የመጀመሪያውን ነው። አጥንቱ ከሆነ ነገሩ የቀዶ ሕክምና ነው፤ ድዱ ከሆነ ድዱን መከርከም ለሁልጊዜ ይገላግልዎታል፣ በየ4 ወሩም መክፈል አይኖርብዎትም። ሦስቱን የሚለየው ደግሞ የጥርስ ሐኪም ነው፤ እዚህ ላይ ከማንም ይቀድማል። መጠኑ ከአፍንጫ ክንፍ አጠገብ በእያንዳንዱ ጎን 2 ወይም 3 ዩኒት ብቻ ነው። ከበዛ ከንፈር ይንጠለጠላል፣ በስትሮ መጠጣትና ማፏጨት ያስቸግራል። በአሜሪካ የጥርስ ሐኪም ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚችል የሚወስነው የየግዛቱ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ነው፤ ቨርጂንያ ሄደው ለመሠራት ቢያስቡ የዚያኑ ቦርድ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቅንድቤ መሃል ከተወጋሁ በሳምንቱ የግራ ዐይኔ ቆብ ወረደ። የወጋኝ ሰው «እሽው፣ ይለቅሻል» አለኝ። (ከዱባይ)

መልስ፦ ማሸቱን ይተዉት። መድኃኒቱ የዐይን ቆብን ወደሚያነሣው ጡንቻ ወርዶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከአጥንቱ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አለመወጋቱ ነው። ከያዘ በኋላ የሚፈታ መድኃኒት የለም፤ በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። እስከዚያው 0.5 በመቶ አፕራክሎኒዲን ጠብታ ቆቡን 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያነሣል፤ የዐይን ሐኪም ያዝልዎት። መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት፣ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ለመንጋጋ ሕመም ይህን አገልግሎት ልጀምር አስባለሁ። ከሥልጠናው ሌላ ምን ይቅደም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ፍሪጅዎ። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ የክሊኒኩ ሻይና ወተት ያለበት ፍሪጅ አይበቃም። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ያስገቡ፣ በየጠዋቱ ይጻፉት፣ መጠባበቂያ ኃይል ይኑረው። ባለ 100 ዩኒቱን ብልቃጥ ማቆያ በሌለው 0.9 በመቶ ሳላይን 2.5 ሚሊ ሊትር ሲበጠብጡት በ0.1 ሚሊ ሊትር 4 ዩኒት ያገኛሉ። መርፌውን ሲሰኩ ብልቃጡ ሳላይኑን በራሱ ካልሳበ ይጣሉት። ቀስ ብለው ያዙሩት እንጂ አይናጡት። ሰዓቱን ይጻፉበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይወገዳል። የተረፈውን ለሚቀጥለው ሳምንት ታካሚ ማቆየት ትርፍ የሚመስለው ውጤቱ እስኪታይ ነው።

ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም በሽታ) ላለበት፣ ቦታው ላይ ኢንፌክሽን ላለው አይስጡ፤ ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስድን ሰው ያቆዩት። የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ላለበት ዲስፖርት አይሆንም። የሙያ ኢንሹራንስዎ ይህን ሥራ መሸፈኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

መድኃኒቱን በሻንጣ ከመጣ ሰው አይግዙ። በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሐሰተኛ ቦቶክስ ተገኝቶ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል፤ ከምልክቶቹ አንዱ ካርቶኑ ላይ 150 ዩኒት ተብሎ መጻፉ ነበር። አምራቹ ባለ 150 ብልቃጥ አይሠራም፤ ያለው ባለ 50፣ ባለ 100 እና ባለ 200 ነው። ፈቃድ ካለው አስመጪ በደረሰኝ ይግዙ፣ የምርት መለያ ቁጥሩንም በእያንዳንዱ ታካሚ ካርድ ላይ ይጻፉ።